ቀን የሚተኙ ሰዎች

ሚያዝያ 3

የታችኛው ሰፈር ቆጠራ ዛሬ አለቀ። 2,964 ሰው። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፣ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሆኖ መጣ። ታዲያ ለምን አራተኛ ጊዜ ልደምረው አማረኝ?

አለቃዬ ደስ ብሏቸዋል። “ዘንድሮ እንኳን አኮራኸኝ” አሉ። አምና ያፈሩት በእኔ ክፍል ነው። አንዱን ሰው ሁለት ቤት ቆጥረን ከላይ ያሉት ስቀውብናል። “እዚህ ቤት ማን ይኖራል?” ሲባል፣ ሰዉ ሊመጣ ያሰበውን የአጎቱን ልጅ ሳይቀር ያስመዘግብ ነበር። ዘንድሮ ጥያቄውን ቀየርኩት። “ትናንት ሌሊት እዚህ ቤት ያደረው ማን ነው?” ሰው በአንድ ሌሊት ሁለት ቦታ አያድርም፣ አለቀ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን አለቃዬ ለሁሉም ተናገሩ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

አሁን ለእያንዳንዱ ቤት ካርድ ይታተማል። ካርዱ ላይ ስሙ ያለ ብቻ ኮረብታው ላይ በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ቦታ ያገኛል። ሰኔ 20 ታችኛው ሰፈር በዶዘር ይፈርሳል። ወንዙ በየዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ካቻምና አሥራ አንድ ሰው ወስዷል።

ካርታ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ሁላችንም ካርታው የምንለው፣ ጠየቀኝ። “እስቲ ንገረኝ፣ ከተማው በሃያ ዓመት ሦስት እጥፍ ሆነ፣ እሺ። ግን ይሄ ሁሉ መሬት እያለ ሰው ወንዝ አፍ ውስጥ ምን ያስገባዋል?” “ድህነት” አልኩት። ሪፖርቱም ላይ ገጽ አራት እንደዚያው ጻፍኩ። አንዲት ቃል።

አንዱ ቆጣሪ ማስታወሻ ላይ እንዲህ ብሏል፦ “በየበሩ ጥግ ጡብ ተቀምጧል። በጨለማ ያደናቅፋል። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።” ካርታው በሳቅ ፍርስ አለ። እኔም ሳቅኩ።

ማታ ስወጣ አለቃዬ ደንግጠው ዘለሉ። “ድመት ነህ እንዴ? እግርህ እኮ አይሰማም!” ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ይሉኛል።

ሚያዝያ 5

ደህና አልተኛሁም። ምክንያትም የለው።

ሚያዝያ 12

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ደወለች። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። አንድ ነገር ደረሰ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

“አንተ! የእናንተ መሥሪያ ቤት ባል ቀየረልኝ!”

“ምን?”

“ካርዱ መጣ። እኔ፣ ሦስት ልጆቼ፣ አባወራው ደግሞ… ባለ ጋሪው!”

ባለ ጋሪው ተከራይዋ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ያለችውን አልጋ ተከራይቶ ሌሊት ይተኛባታል። ባሏ ጋሼ የጡብ ምድጃ እሳት ጠባቂ ነው፣ እዚያችው አልጋ ላይ የሚተኛው ቀን። ቆጣሪው ሌሊት ማን አደረ ብሎ ጠየቀ፣ እሷም ያደረውን ተናገረች። ያደረው አዋቂ ወንድ እሱ ብቻ ስለሆነ አባወራ ብለው ጻፉት። ሰፈሩ ሁሉ ስቆ ሊሞት ነው አለች። ባለ ጋሪው ካፈረ ሦስት ቀኑ፣ እራት እንኳ ደጅ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው።

“ጋሼስ ምን አለ?”

“ምን ይላል? ‘እኔ የለሁም ማለት ነው?’ አለ። ከዚያ ዞሮ ተኛ።”

አስተካክለዋለሁ አልኳት። የቆጣሪ ስህተት ነው። አንድ ሰው አይደል?

ሚያዝያ 14

የጋሼን ስም በእጄ ጨመርኩ። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፣ ማንም አላየም። ስህተት ማረም ወንጀል አይደለም። ታዲያ ለምን በሩን ዘግቼ ጻፍኩት?

ሚያዝያ 18

ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ። አዲሱን ካርድ ይዤ ወረድኩ። ልክ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ። ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ብዙውን ጊዜ እሷ ናት የምትመጣው። (እውነቱን ጻፍ እንጂ፣ ማን ያነብብሃል? መሥሪያ ቤት ውስጥ እዚያ ማደጌን የሚያውቅ የለም። የመሃል ከተማ ልጅ ነኝ ብያቸዋለሁ።)

መንገዱ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ያለ ድምፅ። ሁለቱ ተጣሉ። በሹክሹክታ! አንዱ የአንዱን አንገት አንቆ “ውሸታም” ይለዋል በትንፋሽ። በየቤቱ መጋረጃ ተጋርዷል። በየደጃፉ መሃል ጡብ ተቀምጧል። አንድ ቦታ አንድ፣ አንድ ቦታ ሁለት፣ አንዱ ደጃፍ ላይ አራት።

ዝቅ ብዬ ሳይ በጣቶቼ ጫፍ እየሄድኩ ነው። ማንም ሳይነግረኝ።

እትዬ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ። “ተኝቷል።” ካርዱን ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ አነበበችው፣ ደስ አላት። ከዚያ ቀና አለችና “የሌሎቹስ?” አለችኝ።

“የነማን?”

እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝና በየደጃፉ ታሳየኝ ጀመር፣ በጡቦቹ ላይ እየጠቆመች። “እዚህ አንድ። እዚህ ሁለት፣ ወንድማማቾች ናቸው። እዚህ ዳቦ ጋጋሪ። እዚህ የዘበኛው…”

“ለምን ለቆጣሪዎቹ አልነገራችኋቸውም?” አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ አፌን በእጇ ከደነችው።

“ማን ጠየቀን? ትናንት ሌሊት ማን አደረ አሉን፣ ያደረውን ነገርናቸው። ልንዋሽ ነበር? እንዲያው ግን ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?”

ዓይኔን ወደ ጡቦቹ መለስኩ።

“አንተ ደግሞ ታውቀው የለ እንዴ? አባባ ሲተኛ ጡቡን ማን ነበር የሚያስቀምጠው?”

እኔ። እኔ ነበርኩ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 19

አባባ ጎህ ሲቀድ ይመጣ ነበር፣ ቅንድቡ ተለብልቦ። እግሩን ታጥቦ ይተኛል። እኔ ጡቧን አምጥቼ ደጃፉ መሃል አስቀምጣለሁ። ጡብ ያለበት በር አይንኳኳም፣ ፖሊስም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን። ያልተኛ ሰው ሌሊት እሳት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የጎረቤታችን አባት ገብቶ ሞቷል፤ በዚያ ዕለት ቀን ላይ ሠርግ ነበር፣ ልጆች ጮኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስታስነጥስ እንኳ ትራስ አፏ ላይ ታደርግ ነበር።

ማታ ሲሄድ ጡቧን ወደ በሩ ጥግ እገፋታለሁ። ቆጣሪውን የጣለችው እሷው ናት። እሱ ሰው ላይ ነው የተደናቀፈው። እኔ ደግሞ ሳቅኩ…

“ድመት ነህ እንዴ?” ይሉኛል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን በጣት ጫፍ የሄደ እግር በምን ይረሳ! እግሬ አልረሳም። ጭንቅላቴ ነው የረሳው።

ሚያዝያ 20

ስንት ይሆናሉ? ሃያ ስድስት ምድጃ አለ። በአንዱ አሥር ሰው ሌሊት ቢሠራ… ዳቦ ቤቶቹስ? የአትክልት ገበያው ጫኝና አውራጆችስ? ዘበኞቹስ? አምስት መቶ? ሺህ?

ሺህ ከሆነስ?

ሰኔ 20 ዶዘሩ ሲመጣ ስማቸው የትም የለም። ቆጣሪ ላልጻፈው ሰው ኮረብታው ላይ ማን በር ይከፍትለታል?

ሚያዝያ 22

ለካርታው በወሬ ወሬ አነሳሁለት። ማኘኩን አቆመ።

“አፍህን ያዝ” አለኝ። “አሁን ስህተት አለ ብትል ዝርዝሩ እንዳለ ይቆማል። እንደገና ይቆጠር ይባላል፣ ኮሚቴ ይባላል። ዝርዝሩ ይቆማል፣ ወንዙ ግን ይቆምልሃል?”

እውነቱን ነው። ብናገር ሦስት ሺሁ ሰው እታች እያለ ዝናቡ ይመጣል። ዝም ብል ቀን የሚተኙት ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ወዲህ ብል ገደል፣ ወዲያ ብል ገደል። ምሳዬን ሳልነካው መለስኩት።

ሚያዝያ 27

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

እትዬ መሥሪያ ቤት መጣች። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በሥራ ልብሷ፣ ጭቃው ጫማዋ ላይ እንዳለ። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

“ውሰደው። ለእኔ ባል ብቻ ጨምረህ የጎረቤቶቼን ዓይን እንዴት ልይ? ‘ወንድሟ አለላት’ ይሉኛል። ደግሞም እውነታቸውን ነው።”

“እትዬ፣ ቀስ…”

በዚህ መሃል አለቃዬ ገቡ። አዩዋት፣ ጫማዋን አዩ። “እንግዳ አለህ?”

“አይ፣ ባለ ጉዳይ ናት” አልኩ።

በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝን እህቴን! እናቴ ስትታመም ትምህርቷን ትታ የጡብ ጭቃ የረገጠችልኝን!

እትዬ ፊቷ አልተለወጠም። “አዎ፣ ባለ ጉዳይ ነኝ” አለችና ወጣች። ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

ሚያዝያ 29

ስልኳን አታነሳም።

ግንቦት 1

አታነሳም። ሰው እንዴት እህቴ ናት ማለት ያቅተዋል? ሁለት ቃል እኮ ነው።

ግንቦት 3

ነገርኳቸው። ቆሜ። ቁጭ በል አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ መናገሬን የምተው መሰለኝ።

አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ። “ስንት ሰው ነው?”

“አላውቅም።”

“የማታውቀውን ነው የምታወራኝ?”

“መኖራቸውን አውቃለሁ። ቀን ስለሚተኙ ነው ያላየናቸው።”

“በምን አወቅህ?”

“እዚያ ነው ያደግኩት” አልኩ። “ባለፈው የመጣችውም ባለ ጉዳይ አይደለችም። ታላቅ እህቴ ናት።”

መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። የሚጮሁ መስሎኝ ነበር፣ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። “ያለ ቁጥር ከላይ ሄጄ የፈረምኩትን አላፈርስም” አሉ በመጨረሻ። “አንድ ሳምንት። ቁጥር አምጣልኝ። ቆጣሪ ግን አልሰጥህም፣ ቆጠራው አልቋል።” በሩ ጋ ስደርስ “ለእህትህ ይቅርታ ጠይቃት” አሉኝ።

ግንቦት 4

እንዴት አድርጌ ልቁጠራቸው? ማንኳኳት አይቻልም። ሌሊት ምድጃው ጋ ብሄድ ማን የት ቤት እንደሚተኛ አላውቅም። ማታ ሚስቶቻቸውን ብጠይቅ “አሁንስ ደግሞ ምን ልትወስዱብን ነው?” ይላሉ። ስንት ጊዜ ተታለዋል።

ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ መጣልኝ። ምን ማንኳኳት ያስፈልጋል? በየበሩ ተጽፎ የለ እንዴ! አንድ ሰው፣ አንድ ጡብ።

እትዬ ዘንድ ሮጥኩ። ጭቃ እየረገጠች ነበር፣ ቀና ብላም አላየችኝ። “ባለ ጉዳይ ነው የመጣው?” አለች።

“ይቅር በይኝ። ለአለቃዬ ነግሬያቸዋለሁ። ታላቅ እህቴ ናት ብያቸዋለሁ።”

“መቼ?”

“ትናንት።”

“ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብህ።” እግሯን ከጭቃው አወጣች። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ መሆኔንም ነገርኳት። አየችኝ፣ አየችኝና፣ “ደንቆሮ ብዬ ነበር አይደል?” አለች። “አሁንም ብያለሁ። በል ወረቀትህን ያዝና ተከተለኝ።”

ግንቦት 5

ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ እጽፋለሁ፣ እትዬ ስም እየጠራች ትመሰክራለች። ባትኖር ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር። “ይሄ ጡብ አይደለም፣ ማለቴ ጡብ ነው፣ ግን በር ማቆሚያ ነው። ተወው። ይሄ የሚያኮርፈው ሰውዬ ነው፣ ሁለት አስቀምጧል፣ ሰው እንዳይመጣበት። አንድ ብለህ ያዘው።” እዚህ ሳቄ መጣ። ቅዱስ ነገር መሃል ላይ እንደ መሳቅ ነበር፣ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት።

የወንዙ ዳር ሦስት መደዳ ብቻ፦ 214።

ግንቦት 6

ጋሼ ከሥራ ሲመለስ አገኘሁት። ዓይኑ ቀይ ነው። ተቆጥረሃል ልለው ፈልጌ አፈርኩ። እሱ ግን ጠየቀኝ። “ኮረብታው ላይ ብወጣስ? ምድጃው እዚህ። በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ልሄድ ነው? ጭቃው እዚህ ነው ያለው ወንድሜ። ጭቃው ባለበት ጡብ ይሠራል፣ ጡብ ባለበት ሰው ይኖራል። እናንተ ደሃ ስለሆንን የመጣን ይመስላችኋል።”

ገጽ አራት ትዝ አለኝ። ፊቴን ምን እንዳደርገው ጠፋኝ።

ግንቦት 7

ካርታው መጣ! በምሳ ሰዓት፣ ካርታውን በክንዱ ሥር ሸጉጦ። “ዕብድ ብቻውን አይተውም” አለ። አምስት ደቂቃም ሳይቆይ ጡብ አደናቅፎት ወደቀ። ከመጋረጃው በስተጀርባ የወጣውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ካርታው መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ “አንድ” አለኝ በሹክሹክታ። “ይሄኛው በእርግጠኝነት አለ።”

በየበሩ የተኙትን ሰዎች ሥራ እትዬ እየነገረችን እሱ ካርታው ላይ ያሰፍራል። ከሰዓት በኋላ ያኔ የጠየቀኝን መልስ ራሱ አየው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ከዳቦ ቤቱ አሥር ደቂቃ፣ ጫኞቹ ከገበያው አሥራ አምስት። ሌሊት መኪና የለም፣ ሰው እግሩ ከሚያደርሰው በላይ አይርቅም። አልጋውም በግማሽ ኪራይ። ማንም በደመ ነፍስ እዚህ አልሰፈረም። እያንዳንዱ አስልቶ ነው የመጣው፣ ከእኔ በተሻለ።

ግንቦት 9

847።

አምስት ጊዜ ደመርኩት። ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱን አላየነውም ማለት ነው። አንዱን! ሰው ምን ያህል ቢተኛ ነው እንዲህ የሚያጠፋው? እነሱን ማለቴ አይደለም፣ እኔን ነው።

ግንቦት 10

ሰጠኋቸው። ስሙ፣ ቤቱ፣ ሥራው። ገጽ አራትንም አዲስ ጻፍኩ፣ ከአንድ ቃል ሦስት ገጽ ሆነ። መጨረሻው ላይ፦ “ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስህተቱም የእኔ ነው።” ፈረምኩ። የእህቴንም ባል ብቻዬን መጨመሬን ጻፍኩ። አለቃዬ እዚያ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

ግንቦት 15

ከላይ ምንም የለም።

ግንቦት 19

ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ ደመና ወንዙ መነሻ ላይ ተቆለለ። መስኮቱ ጋ ስንት ጊዜ እንደ ሄድኩ ካርታው ቆጠረልኝ። አሥራ ሰባት።

ግንቦት 21

ዘነበ። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ነኝ ያዘገየሁት… አንድ ሰው ቢሞት እኔ ነኝ። ግን ዝም ብልስ? እሺ፣ ዝም ብልስ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነጋ።

ግንቦት 24

ተወሰነ!

ሁሉም በአንድ ጊዜ መውጣቱም፣ የሰኔ 20ው ዶዘርም ቀርቷል። የወንዙ ዳር ሦስት መደዳ፣ ቀን የሚተኙትም ጭምር፣ እስከ ሰኔ 8 ይወጣል። የላይኛው መደዳ ክረምቱን ባለበት ይቆይና ቤት ሲጨመር ይወጣል። 847ቱም ዝርዝር ላይ ገብተዋል። ሌሊት ለሚሠሩት ማታ የሚያወርድ፣ ጠዋት የሚያወጣ አውቶቡስ ይመደባል ተብሏል። ተብሏል… አይቼ ነው የማምነው። አለቃዬ ይህን ለማስወሰን ስድስት ጊዜ ተመላልሰዋል፣ የነገረኝ ሾፌራቸው ነው።

እኔ ከቁጥር ክፍል ተነሳሁ። ወደ ወንዙ ጣቢያ ነው የተዛወርኩት፣ የውሃውን ከፍታ ወደ መለካት። ምሰሶው ላይ ያለውን ቁጥር እያነበቡ በየሰዓቱ መደወል ነው። “ቅጣት ነው፣ አልደብቅህም” አሉ አለቃዬ። “ቁጥሩን ስላመጣህ ሳይሆን መጀመሪያ ስላጠፋኸው።” ልክ ናቸው። “ፈረቃው ሌሊት ነው” አሉኝ ቀጥለው። ከዚያ ሁለታችንም ተያየንና፣ ሳንፈልግ፣ ሳቅን።

ሰኔ 4

ሦስተኛ ሌሊቴ። ቀን መተኛት አልቻልኩም። አከራዬ በሁለት ሰዓት አንኳኩ፣ የመብራት ጉዳይ። በአራት ሰዓት የጎረቤቱ ሰውዬ፣ መሰላል ሊዋስ። በስድስት ሰዓት ልጆቻቸው ደረጃው ላይ ሩጫ ተወዳደሩ። መሰላል የለኝም እኮ!

ሰኔ 7

እነ እትዬ ወጡ። ሦስት ሰዓት አልፈጀም፣ ያላቸው ሁሉ አንድ መኪና አልሞላም። ባለ ጋሪው ጋሪውን ራሱ ጎትቶ አወጣው፣ አባወራ አይደለሁም እያለ። አዲሱ ክፍል ውስጥ እትዬ ቆማ ግድግዳውን ነካችው። “ጡቡ የእኛ ነው” አለች፣ “የጋሼህ ምድጃ ማኅተም አለበት።” ራሳቸው ለሚኖሩበት ቤት ሳያውቁ ጡብ ሲያቃጥሉ ከርመዋል።

ሰኔ 10

አውቶቡሱ ሦስት ቀን መጣና ዛሬ ቀረ። ጋሼ በእግሩ ወረደ። አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ። “አንተ አሁንም ቁጥር ክፍል ነህ እንዴ?” አሉ፣ ግን ለነገ መለሱት።

ሰኔ 16

ትናንት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ውሃው ቀዩን መስመር አለፈ። ደወልኩ። ቁጥሩን ሦስቴ ተሳሳትኩ። የማስጠንቀቂያው ደወል ተደወለ፣ የላይኛው መደዳ ሰው ሁሉ ወደ ዳገቱ ወጣ።

ጎህ ሲቀድ ሄጄ አየሁ። ሦስቱ መደዳ ውሃ ውስጥ ነው። የእትዬ ቤት፣ ያቺ ቀንም ሌሊትም ሳትቀዘቅዝ የኖረች አልጋ የነበረችበት፣ ጣራው ብቻ ይታያል። አራት ምድጃ ጠፍቷል። የጋሼም አንዱ ነው፣ አሁን ሥራ የለውም። የወደፊቱን አላውቅም።

ሰው ግን አልወሰደም። አንድም። ወደ ጣቢያው ተመልሼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሰኔ 17

እንቅልፍ የለም። አከራዬ አንኳኩ፣ “ደህና ነህ ወይ ብዬ ነው” አሉ። ደህና ነበርኩ እኮ፣ ሳያንኳኩ። ትናንት ምሰሶው ጋ ሁለት ጊዜ አንጎላጀሁ። ውሃው አንድ ክንድ ብቻ ነው የሚርቀው። ለእትዬ በስልክ ነገርኳት፣ እንዲያው ለወሬ። “ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?” ብቻ አለችኝ።

ሰኔ 19

ዛሬ ስነቃ ሰዓቴ ቆሞ መሰለኝ። ስምንት ሰዓት። ከቀኑ! ከጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሮ ማንም አልቀሰቀሰኝም። ምን ሆነው ነው? ሁሉም ሄደዋል? ደንግጬ በሩን ከፈትኩ።

ደጃፌ መሃል ጡብ ተቀምጧል። ቀይ፣ ጫፉ የተሸረፈ፣ ማኅተሙ የጋሼ ምድጃ።

አከራዬ ደረጃው ሥር ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። “እህትህ ናት” አሉ፣ በሹክሹክታ። “ከኮረብታው ድረስ ይዛው መጣች። ይሄ ካለ እንዳታንኳኩ፣ ልጆቹንም ዝም አሰኟቸው ብላ አስጠንቅቃን ሄደች። ምን ዓይነት ሰው ናት በል!”

“አዎ፣ ታላቅ እህቴ ናት” አልኩ።

ጡቧን ወደ በሩ ጥግ ገፋ አደረግኳት፣ ነቅቻለሁ ብዬ። ከዚያ አሰብኩና ወደ መሃል መለስኳት። ማታ መውጫዬ ገና ነው። ስጋደም ከታች የጎረቤቱ ልጆች ሲመጡ ሰማሁ፣ ሩጫቸው ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ። አንደኛው ሌላኛውን “ቀስ በል” አለው። “ሰው ተኝቷል።”